የማክሰኞ ሳል

አንድ የማፍርበት ልማድ አለኝ፤ ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ደብዳቤ ሲሰጠኝ ከማንበቤ በፊት አሸተዋለሁ። የጸሐፊውን ቤት፣ ኪሱን፣ አንዳንዴም ውሸቱን በአፍንጫዬ የማገኘው ይመስለኛል። ባለቤቴ «ጋዜጠኛ ነሽ ወይስ አነፍናፊ ውሻ?» እያለ ይስቅብኛል። ባለፈው ሐሙስ ግን ይኸው ልማዴ ሰው ሊገድልብኝ ነበር።

አንዲት ቀጠን ያለች ልብስ ሰፊ ቢሮዬ መጥታ አፉ ሁለት ጊዜ የታሰረ ላስቲክ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ውስጡ ደብዳቤ ነው። እኔ እቴ! ሰላምታችን እንኳ ሳያልቅ ላስቲኩን ፈትቼ አፍንጫዬን ስከት፣ ሴትዮዋ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ኮሪደሩ ላይ ደረሰች። በበሩ ስንጥቅ «እህቴ፣ በናትሽ እሰሪው! ካልታሰረ አልገባም» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አስም አለባት። ደብዳቤዎቹ ከታላቅ እህቷ ጋር የተጻጻፈቻቸው ናቸው። ታላቅየዋ ሩቅ ከተማ የሽቶ ሱቅ አላት። ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስያዛቸው እንዳትሉኝ፤ ይቺ ታናሽየዋ ብዙ ካወራች ትንፋሿ ይቆራረጣል። የራሷን ሁልጊዜ መጀመሪያ ደብተር ላይ ጽፋ ስለምትገለብጥ የሁለቱም ወገን እጄ ገብቷል። ሁሉም ቢቀርብ ገጹ አይበቃኝም፤ መርጫለሁ። ፈቃዷን ሰጥታኛለች፤ ስም ግን አንጠራም።

*

መስከረም 8

ለእኔዋ ጩጬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ አይደለም፤ አፌ ቁርጥ ይበል። ሱቁ በሙሽሮች ተጨናንቆብኝ ነው። አንዷማ ሰባት ጠርሙስ አሽትታ፣ ሰባቱንም መልሳ፣ «እጄ ላይ ብቻ ጠብ ያርጉልኝ» ብላኝ ሄደች። ምን ትያታለሽ?

ስለ ባልሽ ለጠየቅሽኝ፦ አይመለስም፤ ባይመለስም ይሻላል። ቤት ውስጥ በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው ባል አይባልም፣ ጭስ ማውጫ ነው። ግን እሱ ከወጣ ደረትሽ መዳን ነበረበት። ካልዳነ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው። ድመቷስ? እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ቢሆንም አስም ያለበት ሰው ቤት ድመት! ፀጉሯ አልጋሽ ላይ፣ ትራስሽ ላይ። ወደ እኔ ላኪያት። የአውቶቡሱ ሹፌር ወዳጃችን በቅርጫት ያመጣልኛል። ልጅሽ ካለቀሰች አክስትሽ ጋ ነው የሄደችው በያት።

ከእንግዲህ በየሳምንቱ እጽፍልሻለሁ። ወረቀቱን እንደ ድሮው ረጭቼዋለሁ። ከማንበብሽ በፊት ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳብ አድርጊው፤ መሳሜ እሱ ነው።

እትዬሽ

*

ጥቅምት 12

እትዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። አዎ፣ ሄደች። ልጄ ድንቡሼ እንዴት እንደሆነች አትጠይቂኝ። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያች ድመት ተለይታ አታውቅም። ቅርጫቱን እስከ መናኸሪያ አብራኝ ተሸክማ ሹፌሩን «ወይዘሮ ብለህ ካልጠራሃት አትመጣም፤ ‹ነይ› ብቻ ስትባል ትናደዳለች» ብላ አስጠነቀቀችው። እሱም ኮፍያውን አውልቆ «ይግቡ ወይዘሮ» አላት። ሳቅን። ከዚያ እኔ ሳልኩ።

አልተሻለኝም። ማክሰኞ ደብዳቤሽ ስፌት ቤት ድረስ መጣልኝ፤ በምሳ ሰዓት አንብቤ ሳልጨርስ ደረቴ ተቆለፈ። አለቃዬ ወንበሬን ከነእኔ ወደ በሩ እየጎተተ «ዘወር በሉላት! አየሩን ሁሉ እናንተ ትስቡታላችሁ!» ይላል። የጨርቁ ብናኝ ይሆናል። ሰማያዊዋን የአስም ፓፍ አራት ጊዜ ሳብኩ።

ቡናማዋን ፓፍ ላልሽው፦ ጤና ጣቢያ «ደኅና ብትሆኚም ጠዋትና ማታ ውሰጂ» ብለውኛል። ግን ስስባት ምንም አይሰማኝም። ሰማያዊዋ ወዲያው ነው የምትከፍትልኝ። አንቺ ምን ትመክሪኛለሽ?

ጩጬሽ

*

ኅዳር 6

ጩጬዬ፣

ወይዘሮ በሰላም ገብታለች። ወደ ሱቁ ግን አትወርድም፤ ሽታው አልተስማማትም። ፎቅ ላይ መስኮቱ ጋ ተጋድማ መንገደኛውን ትታዘባለች። የቤቱ ባለቤት እሷ፣ ተከራይዋ እኔ መስያለሁ።

ቡናማዋን እኔ ብሆን አልወስዳትም። ደኅና ሰው በየቀኑ መድኃኒት ሲስብ ምን ይሉታል? ሱስ ነው የሚያስይዝሽ። አንዲት ደንበኛዬ ፊቷ እንደ ትራስ ያበጠው በእሱ ነው። ለክፉ ቀን አስቀምጪያት። ሰማያዊዋ እያለች ምን ጎደለሽ?

አሁን ደግሞ አትቆጪኝ። የእማዬ ምንጣፍ። እንደምትወጂው አውቃለሁ፤ ግን ሠላሳ ዓመት አቧራ የጠጣ ነገር ነው። ብታራግፊው የመንደሩ ሰው ሁሉ ያስላል። ጠቅልለሽ ላኪልኝ። እኔ ጤነኛ ደረት አለኝ፣ እችለዋለሁ።

ሳብ አድርጊኝ እስቲ።

እትዬሽ

*

ታኅሣሥ 20

እትዬ፣

ስለ ምንጣፉ የጻፍኩትን እርሺው፤ ስስት ነው። ይኸው ከሹፌሩ ጋር ልኬዋለሁ። ሲነሣ ከሥሩ ጥግ ላይ ግድግዳው ሻግቶ ተገኘ። ጎረቤቴ እኔን ከቤት አስወጥታ ፈግፍጋ አጸዳችልኝ። አየሽ፣ ምክርሽ ባይኖር ሻጋታውን አላገኘውም ነበር። ቡናማዋንም እንዳልሽኝ አስቀምጫታለሁ።

ስንት ጊዜ እንደተነሣብኝ ልንገርሽ? በዚህ ወር አምስት። አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምርልሽ። ድንቡሼ ትናንት ወገቧን ይዛ ቆማ «እማዬ፣ አክስቴ ስትጽፍልሽ ነውኮ የምታስይው። አትጻፊ በያት!» አለችኝ። ጆሮዋን ቆነጠጥኳት። «ናፍቆት ነው፤ ስትናፍቂኝ አለቅሳለሁ፣ ሳለቅስ ይነሣብኛል» አልኳት። «እኔም አያቴን እናፍቃለሁ፤ ግን አላስልም» ብላኝ እርፍ። ምላሷ እንደ አንቺ ነው።

ጩጬሽ

*

ጥር 4

ጩጬዬ፣

ይቺ ልጅሽ ገና በስድስት ዓመቷ ሐኪም ሆናልሻለች! ልክ ብለሻታል፤ ናፍቆት ነው። ለቅሶም ሳቅም፣ ጭንቀትም አስም ይቀሰቅሳል፤ አንብቤያለሁ። ለናፍቆትሽም መድኃኒቱን ልኬልሻለሁ፦ ፖስታው ውስጥ ያለውን ጥጥ ትራስሽ ስር አድርጊው። አዲስ የገባ ሽቶ ነው፤ ለሌላ ሰው አልከፈትኩትም። በየሳምንቱ አድስልሻለሁ።

አሁን ተቀመጪና እውነት እናውራ። ባልሽ ሄደ፣ ድመቷ ሄደች፣ ምንጣፉ ሄደ። ማን ቀረ? ከትምህርት ቤት በየሳምንቱ ጉንፋን ተሸክሞ ቤትሽ የሚገባው ማን ነው? ለትልቅ ሰው አስም ከጉንፋን የባሰ ጠላት የለውም። እኔ ጋ ብትከርምስ? እስኪሻልሽ ብቻ ነው። እዚህ ድመቷ አለች፣ ምንጣፉ አለ፤ ቤቷ እንደመጣች ነው የምትቆጥረው።

እትዬሽ

*

የካቲት 17

እትዬ፣

ያለፈው ደብዳቤዬ ቁጣ ነበረበት፤ ይቅር በይኝ። «ሁሉን ውሰጂ፣ እሷን ግን አትንኪብኝ» ማለት አልነበረብኝም። አንቺ የምታስቢልኝ ነሽ።

ስላለፈው ረቡዕ ማን እንደነገረሽ ገብቶኛል፤ ሹፌሩ አፉ አያርፍም። እውነት ነው፣ ኦክስጅን ላይ ነበርኩ። ጠዋት ስነቃ ትንፋሽ የለም። ሰማያዊዋ አልቃ ነበር። ድንቡሼ በባዶ እግሯ ሮጣ ጎረቤቴን ጠራች። ሆስፒታል ውስጥ አንዱ ሐኪም «ቤት ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ድንቡሼ አልጋዬ አጠገብ ቆማ ነበር። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና «እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ስታናግረኝ አፏን በእጇ ሸፍና ነው።

ስለዚህ እሺ። እስኪሻለኝ ብቻ። የትምህርት ቤቱንም ወረቀት ፈርሜ ልኬልሻለሁ፤ ዓይኔ እንባ ስለያዘ አላነበብኩትም። ጥጥሽ ትራሴ ስር ነው። ሲጨንቀኝ እሱን እስባለሁ።

ጩጬሽ

*

መጋቢት 25

ጩጬዬ፣

አትጨነቂ፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትምህርት ቤት ገብታለች። ለምን ስልክ እንደማላቀርብላት ለጠየቅሽኝ፦ ድምፅሽን ስትሰማ ሁለት ቀን ታለቅሳለች፤ አንቺም ታለቅሻለሽ፤ ከዚያ ኦክስጅን። ለማን ይበጃል? «ጉንፋኔ ሲያልቅ እመለሳለሁ?» ብላኝ «አዎ» ብያታለሁ።

የጥጡን ሽታ ወደድሽው ወይ? ስለሱ ምንም አልጻፍሽልኝም።

እትዬሽ

*

ሚያዝያ 30

እትዬ፣

ወደድኩት። ግን እትዬ፣ ምንም አልተሻለኝም። ቤቴ ውስጥ ምን ቀረ? አልጋና እኔ። ልብስ መስፊያው ላይ ስቀመጥ አለቃዬ ብርጭቆ እንደሚሰበርበት ሰው ነው የሚያየኝ።

ጤና ጣቢያ አዲስ ሲስተር መጥታለች፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ ንግግሯ እንደ ኮምጣጤ የሆነ ሴትዮ። አንድ ደብተር ሰጥታ «የሚነሣብሽን ቀን ጻፊ፣ ምን ስታደርጊ እንደነበረ ጻፊ። ስለ ኀዘንሽ አትጻፊልኝ» ብላኛለች።

ድንቡሼን ሳሚልኝ። ለሰኔ ላኪያት፤ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት።

ጩጬሽ

*

ግንቦት 21

እህቴ፣

ለሰኔ አይሆንም። ለምዳለች። ትናንት «እማማ» ብላ ጠራችኝ፤ አላረምኳትም። ልጅ የሚጠራውን ያውቃል። ጥጡን አድሼልሻለሁ።

እትዬሽ

*

ሰኔ 17

እትዬ፣

ታወቀ!

ሲስተር ደብተሬን ገልጣ ስምንት ቀን ቆጠረች። ከዚያ «ማክሰኞ ማክሰኞ ምን ትበያለሽ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«አምስቱ ማክሰኞ ነው፤ ሦስቱ ረቡዕ ጠዋት። የት ትሄጃለሽ?»

«የትም። ማክሰኞ ደብዳቤ ይመጣልኛል።»

«የማን?»

«የእህቴ።»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ክንዷን ዘርግታ ከሩቅ ያዘችው፤ እንዲያም ሆኖ አስነጠሳት። «እህትሽን ምን አድርገሻታል?» አለች፤ ቀልዷን ነው። ጥጡን ስነግራት ግን አልቀለደችም። «አስም ላለበት ሰው ትራስ ስር?» ብላ መነጽሯን አወለቀች።

ከዚያ ወደ ቡናማዋ ዞረችብኝ። «ቤት ናት ወይስ ደረትሽ ውስጥ?» ቤት ናት አልኳት። ጮኸች፣ እትዬ! «ቡናማዋ ዘበኛ ናት፣ ሰማያዊዋ እሳት አጥፊ። አንቺ ዘበኛውን አባረሽ በየሳምንቱ እሳት አጥፊ ትጠሪያለሽ! ዋናው ይሄ ነው፤ ሽቶው ክብሪቱ ነው።» ሱስ አያስይዝም፤ ከሳቡ በኋላ አፍን መጉመጥመጥ ብቻ ነው።

ይኸው ጥጡን ጥያለሁ፤ ቡናማዋን ሰኔ 10 ጀምሬያለሁ። ያለፈውን ማክሰኞ ደብዳቤሽን ሳልከፍት ላስቲክ ውስጥ አሰርኩት። ምንም አልሆንኩም።

አንቺ አላወቅሽም፤ እንዳይከፋሽ። በፍቅር ያደረግሽው ነው። ከእንግዲህ ወረቀቱን አትርጪው፣ በቃ። ድንቡሼንም ላኪልኝ። ጉንፋኗ አልነበረም። እሷ አልነበረችም። ይህን ዛሬውኑ ንገሪያት።

ጩጬሽ

*

ሐምሌ 15

እህቴ፣

ይህ ወረቀት አልተረጨም። ሳትፈሪ አንብቢው።

«አላወቅሽም» ብለሽ ይቅር ብለሽኛል። የማይገባኝን ይቅርታ አልወስድም። መጀመሪያ አላውቅም ነበር። ልጅሽ የነገረችሽን ስትጽፊልኝ ግን ወዲያው ገባኝ። ሃያ ዓመት ሽቶ ሸጫለሁ፤ አስም ያለበት ሰው በሬን አልፎ ሦስተኛው መደርደሪያ ደርሶ አያውቅም። ጥጡን የላክሁት ከገባኝ በኋላ ነው።

ለምን ትያለሽ። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ድመት ነበረችኝ። አታስታውሻትም፤ ሦስት ዓመትሽ ነበር። አባባ በጆንያ ይዟት ሲወጣ «የእህትሽ ደረት» አለኝ። ቀጥሎ የሱፍ ብርድ ልብሴ ሄደ፤ የእህትሽ ደረት። የእማዬ ምንጣፍ ላይ ስጫወት አቧራ አነሣሽ ተብዬ ተመታሁ፤ የእህትሽ ደረት። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ ከትምህርት ቤት ጉንፋን ታመጣባታለች ተብሎ፣ ልብሴ በላስቲክ ተቋጥሮ አክስታችን ቤት ተላክሁ። «እስኪሻላት ብቻ ነው» አለችኝ እማዬ። ስምንት ዓመት አልተሻለሽም።

ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔም አልጠይቅሽም። ድመት፣ ምንጣፍ፣ ልጅነት፤ የተወሰደብኝን ነው የመለስኩት።

የትምህርት ቤት ያልሽውን ወረቀት ቅጂውን ልኬልሻለሁ፤ አሁን እንኳ አንብቢው። አሳዳጊዋ እኔ ነኝ ይላል፤ ፊርማው ያንቺ ነው። ከፈለግሽ መጥተሽ ውሰጃት፤ በሬ ክፍት ነው። ወደ ፎቁ የሚያስወጣው ደረጃ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሱቁ ውስጥ ነው።

*

ነሐሴ 2

እትዬ፣

አሁንም እትዬ ነሽ፤ ሌላ መጠሪያ የለኝም። ድመትሽን አላስታውሳትም። አባባ ሊልሽ የሚገባውን እኔ ልበልሽ፦ ይቅር በይን። ሦስት ዓመቴ ነበር። ድንቡሼም ስድስት ዓመቷ ነው።

የፖስታሽን ክዳን ከውስጥ በኩል አይተሽው ነበር? አላየሽውም። በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «እማዬ ጉንፋን ከያዘኝ ቆየ። አሁን ንጹህ ነኝ። ሳልሽ ለቀቀሽ? ወይዘሮም መምጣት ትፈልጋለች።»

አልነገርሻትም ማለት ነው።

ሰባት ሳምንት ቡናማዋን አንድ ቀን ሳልዘል ወስጃለሁ። ከበርሽ እስከ ደረጃው ስንት እርምጃ እንደሆነ ሹፌሩን አስቆጥሬዋለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ነው። አሥራ ዘጠኝ ስገባ፣ አሥራ ዘጠኝ ስወጣ። ትንፋሽ አፍኖ መቆየትን ማንም አያስተምረኝም፤ ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ሥራ ነው።

ጩጬሽ

*

ደብዳቤዎቹ እዚህ ላይ አለቁ።

«ፍርድ ቤትስ?» አልኳት፣ ላስቲኩን መልሼ ሁለት ጊዜ ካሰርኩ በኋላ። አመልክታለች፤ ቀጠሮው ገና ሁለት ወር ነው። «ታዲያ ከመንገድ ማዶ ቆመሽ ብትጠሪያትስ?» ሳቀች፤ ስትስቅ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፣ እንቅፋት ያለበት ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እየተጠነቀቀች ነው የምትስቀው። «ብጠራት ትወርዳለች። የሱቁን በር የምትዘጋባት ግን እትዬ ናት። ደግሞ ልጄ እኔን ያሳመመችኝ መስሏት ነው ስድስት ወር የተቀመጠችው። ከሩቅ ቆሜ ልጥራት? አጠገቧ ቆሜ ልትተነፍስብኝ ይገባል።»

«ብትታፈኚስ?»

«ታፍኜ አውቃለሁ» አለችኝ፣ የአውቶቡስ ትኬት ሰልፍ ላይ እንደቆመ ሰው ረጋ ብላ።

ሲስተር ሁለት ሰማያዊ ፓፍና አንድ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ጭምብል ሰጥታታለች፤ «ካቃተሽ ተመለሺ» ብላም አስጠንቅቃታለች። ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋት። ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ «ይግቡ ወይዘሮ» አላት፤ ከኋላው ወንበር ላይ ባዶ የድመት ቅርጫት አስቀምጧል። መንገዱ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል። ነገ ከሰዓት ትደርሳለች።

ነገ ማክሰኞ ነው።

ሹፌሩ ስልክ ቁጥሬን ይዟል፤ ከሱቁ ፊት ለፊት ሞተር ሳያጠፋ ሊቆም ምሏል። ከዚያ በር ብቻዋን ትውጣ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይውጡ ወይስ ሰው ተሸክሟት ይውጣ፣ የነገረኝን አንዲት ቃል ሳልሸፋፍን እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ላስቲኩ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ አፉ እንደታሰረ።